የአያ ደምሌ የኋላ ግድግዳ

አያ ደምሌ ማረፋቸውን የሰማሁት ገበያ ውስጥ፣ ምስር ስገዛ ነው። ሻጯ ከስማዳ፣ ከወገዳ በኩል የመጣች ሴት ነበረች። እየሰፈረችልኝ ስለ ደብራቸው ታወራለች። የቤተ ክርስቲያኑን አጥር የሚገነቡት ሽማግሌ ሳይጨርሱት ሞቱ፤ ሌላ ሰው ቢነካው ያበላሸዋል ተብሎ ስለተፈራ የቀረውን ደፍሮ የሚጀምር ግንበኛ ጠፋ አለችኝ።

"ማን ይባሉ ነበር?" አልኳት።

"ደምሌ ነው ስማቸው። ከእናንተው አገር የመጡ ናቸው አሉ። ከሞቱ ሦስት ሳምንት ሆናቸው።"

ምስሩን ተቀበልኩና ሌላ የምገዛውን ሁሉ ትቼ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ለሴትየዋ ነፍስ ይማር ማለቴን እንኳን አላስታውስም።

የከተማችንን ስም አልጠራም። ከጉና ማዶ ያለች፣ ብርዷና ነፋሷ የማያባራ ትንሽ ከተማ ናት። ስሟን የምተወው አብረውኝ የሠሩትን ሰዎች ዛሬም በየመንገዱ ስለማገኛቸውና ክፉዎችም ስላልነበሩ ነው። በማዘጋጃ ቤቱ የግንባታ ፈቃድ ክፍል አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ማመልከቻ እቀበላለሁ፤ የተሟላውን ካልተሟላው እለያለሁ፤ ቦታው ድረስ ሄጄ እለካለሁ። በመስኮቴ ያለፈው ሰው ብዙ ነው። የሰደበኝ አለ፣ የመረቀኝ አለ፣ አልቅሶብኝ የሄደም አለ። አብዛኞቹን ረስቻቸዋለሁ።

አያ ደምሌ ግንበኛ ነበሩ። ረጅም፣ ከትከሻቸው ጎበጥ ያሉ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ሰው ናቸው። የቀኝ አውራ ጣታቸው ጥፍር የለውም፤ መዶሻ ነው የወሰደው። በከተማው ያለው የጥርብ ድንጋይ ግንብ ግማሹ የእሳቸው እጅ ያረፈበት ነው። እኔ የምሠራበትን ቢሮ ራሱ በጎልማሳነታቸው ከገነቡት ሰዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ። ተራ ሲጠብቁ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ያሳርፋሉ፤ የታመመ ልጅ ግንባር የሚነካ ሰው ይመስላሉ። አንድ ቀን "ይህ ጥግ ውሃ እየጠጣ ነው፤ አሸንዳውን አስጠግኑት" አሉን። ሳቅንባቸው። ክረምቱ ሲገባ የዚያ ጥግ ቀለም ተላጠ፤ መደርደሪያው ላይ የነበረው ወረቀትም ሻገተ።

ድንጋይ ፊትም ጀርባም አለው ይሉ ነበር። ፊቱን ለመንገደኛ፣ ጀርባውን ለጎረቤቱ ድንጋይ መስጠት ነው፤ ገልብጠህ ካስቀመጥከው ተቀይሞህ ይኖራል። አንድ ነጋዴ ፎቅ ሊያሠራ ጠርቷቸው ሄዱ አሉ። መሬቱን ክንድ ያህል አስቆፈሩ፤ አፈሩን አንስተው አሸተቱ፤ ከዚያ መሣሪያቸውን ወደ ከረጢታቸው መልሰው "ይህ አፈር ትናንት ከሌላ ቦታ የመጣ ነው፤ ገና አልተቀመጠም። እሱ ሳይቀመጥ ሰው አይቀመጥበትም" ብለው ሄዱ። ነጋዴው ሌላ ግንበኛ ቀጠረ። ያ ግንብ ዛሬ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ቆሟል፤ የሚከራየውም የለም።

ወደ መስኮቴ የመጡት የራሳቸውን ቤት ይዘው ነው። የስንቱን ግንብ ሲያቆሙ የኖሩት ሰውዬ እሳቸው የሚኖሩት በእንጨትና በጭቃ የተሠራ አሮጌ ቤት ውስጥ ነበር። ከአሮጌው ገበያ ጀርባ፣ ቁልቁለቱ ላይ ነው። የኋላው ግድግዳ ወደ ውጭ ሆዱን ነፍቷል፤ ቤቱን አፍርሰው በድንጋይ ሊሠሩት ፈለጉ። ባለቤታቸው እትዬ ማሬ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሏቸው ሦስት ዓመት በአልጋ ላይ ነበሩ።

በመጀመሪያው ቀን "እርስዎ ነዎት የፈቃድ ባለሙያዋ?" አሉኝ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። አያቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው አንቱ ሲሉኝ አፈርኩና "አያ ደምሌ፣ አንቺ ይበሉኝ እንጂ" አልኳቸው።

"እርስዎን አይደለም አንቱ የምለው፤ ወንበሩን ነው" አሉኝ።

ለወንበሩ ያን ያህል ክብር የነበራቸው ለምን እንደሆነ ቆይተው ነገሩኝ። በወጣትነታቸው ስማዳ ውስጥ አንድ ሰው ወንዝ ዳር ቤት አሠራቸው። ቦታው እንደማይሆን ያውቁ ነበር። ባለቤቱ ግን እዚሁ ሥራልኝ ብሎ አዘዛቸው፤ ሠሩ። በሁለተኛው ክረምት ውሃው ሞላና ቤቱን ከነሰውየው እናት ወሰደው።

"ያኔ አንድ ሰው ወረቀት ይዞ መጥቶ አይሆንም ቢለኝ ኖሮ የዚያች ሴትዮ ነፍስ በእጄ ላይ አይኖርም ነበር። ከልካይ ያለው ከተማ ጥሩ ከተማ ነው። ሰው እናንተን ሲያማ እኔ አልስማማም" አሉኝ።

ይህን የሚሉት ከልባቸው ነበር። ለዚህ ነው የእሳቸው ነገር እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

ማመልከቻቸውን ያስገቡት ኅዳር ላይ ነው። የይዞታ ማህደራቸው ሲፈለግ ጠፋ። በጦርነቱ ጊዜ መዝገብ ቤታችን ተበትኖ ግማሹ ማህደር አፈር ሆኖ ነበርና የእሳቸውም ከጠፉት ውስጥ ሆነ። በምስክርና በቀበሌ ደብዳቤ አዲስ ማህደር እስኪከፈትላቸው የካቲት ደረሰ። ፕላን አሠርተው እስኪያመጡ ደግሞ ሚያዝያ ገባ። በየሰኞውና በየሐሙሱ ይመጣሉ። ሲመጡ መጀመሪያ የሚነግሩኝ የእትዬ ማሬን ነገር ነው። "ዛሬ ሾርባ ጨርሳ ጠጣች።" "ትናንት እግሯን ትንሽ አንቀሳቀሰች፤ ወይም እኔ መሰለኝ።" ከዚያ በኋላ ነው ጉዳያቸውን የሚጠይቁት።

አንድ ሰኞ ማመልከቻቸውን ሁሉ አሟልተው መጡ። ገጽ በገጽ አየሁት። የአዋሳኞች ስምምነት ላይ ሦስት ፊርማ መኖር ነበረበት፤ ያለው ሁለት ነው።

"ሦስተኛው ይቀራል፤ ሲሟላ ይምጡ" አልኳቸው።

"ሦስተኛው ሞላ ነው። ሽማግሌ ነው፤ ቤቱን ዘግቶ እስቴ ገጠር ልጁ ዘንድ ከሄደ ዓመት አለፈው። ስልክም የለው። እሱ በእኔ ላይ የሚለው ነገር የለም፤ ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክራል።"

"ደንቡ ሦስት ነው የሚለው አያ ደምሌ።"

ትንሽ አሰቡ። "ደንብ ከሆነ ይሁን። እግዜር ይስጥልኝ" አሉና ወረቀታቸውን ሰብስበው ወጡ።

ብቀበላቸው የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም። ሌላ ጊዜ አንድ ነገር የጎደለበትን ተቀብዬ "በኋላ ያመጣሉ" ብዬ አሳልፌ አውቃለሁ። የዚያን ቀን ለምን እንዳልተቀበልኩ ራሴን ብዙ ጠይቄዋለሁ። ጥፋት አልነበረብኝም፤ ክፋትም አልነበረኝም። ሰኞ ነበር፣ ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ከዚህ ሌላ ምክንያት አላገኘሁለትም።

የዚያን ዕለት የገቡት ማመልከቻዎች ረቡዕ ተፈርመው ወጡ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከዞን አንድ ደብዳቤ መጣ። አዲሱ የከተማ ፕላን እስኪጸድቅ ድረስ ከአሮጌው ገበያ ጀርባ ባለው ሰፈር ማንኛውም ግንባታም ሆነ እድሳት እንዳይፈቀድ የሚያግድ ነው። መንገድ ያልፍበታል ተብሏል፤ በየት በኩል እንደሚያልፍ ግን ገና አልተወሰነም። በመጨረሻው መስመር ላይ "አደጋ የደረሰባቸውን ቤቶች አይመለከትም" ይላል።

አያ ደምሌ ዓርብ ጠዋት መጡ። እስከ ጉልበታቸው አቧራ ለብሰዋል፤ ከንፈራቸው ደርቋል። ከደረታቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡና በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። በሦስተኛው መስመር ላይ ሐምራዊ የአውራ ጣት አሻራ አለ።

"መጻፍ አይችልም ሞላ፤ አሻራ ነው ያደረገ። ደብዝዞ ስለነበር ሁለተኛ አስደገምኩት፤ ይኸው ጠርቷል። ከመኪና ወርጄ ግማሽ ቀን በእግር ነው የሄድኩት፤ ልጁ ያለበት ቦታ ከከተማ ሩቅ ነው። ማሬን ስንዱ ጋር ትቻት ነው የከረምኩ።"

ስንዱ ጎረቤታቸው ናት።

ደብዳቤውን አነበብኩላቸው። ስጨርስ እንደገና እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። አነበብኩ።

"መቼ ነው የመጣው ይህ?"

"ትናንት።"

"ትናንት ስንት ሰዓት ላይ?"

"ከሰዓት በኋላ ነው አያ ደምሌ።"

"ትናንት ከሰዓት በኋላ" አሉ፣ ለራሳቸው የሚያወሩ መስለው፣ "መኪና አጥቼ ደብረ ታቦር መናኸሪያ ተቀምጬ ነበር።"

ላስቲኩን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። አሻራ ያለበትን ወረቀት ማህደራቸው ውስጥ እንዳስቀምጥላቸው ጠየቁኝና ሄዱ።

ሰኞ ዕለት ወደ ኃላፊያችን ይዣቸው ገባሁ። አዲስ የተመደበ ወጣት ነበር፤ ኦዲት የሚባለውን ነገር እንደ መብረቅ የሚፈራ። አያ ደምሌ ቆመው፣ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ጠየቁት።

"ጌታዬ፣ ደብዳቤው አደጋ የደረሰበትን አይከለክልም ይላል። የእኔ ግድግዳ ተሰንጥቋል፤ ሆዱን ነፍቷል። አደጋ ማለት ይህ አይደለም?"

"አባቴ፣ አደጋ የሚባለው ሲወድቅ ነው" አላቸው። እያሾፈባቸው አልነበረም። የደብዳቤው ትርጉም ይኸው ነበር፤ እንዲህ ብሎ እንዲያስረዳቸውም ግድ ነበረበት።

"ሲወድቅ?"

"አዎ። የወደቀ ቤት ከሆነ እኔም መፈረም እችላለሁ።"

አያ ደምሌ እጅ ነስተው ወጡ። በረንዳው ላይ ደርሰን "ልጁ ጥሩ ልጅ ነው፤ የሚያውቀውን ነገረኝ" አሉኝ።

ቤታቸውን እንዳይ ለመንኩና ሄድኩ። ለዞን ሪፖርት ብጽፍ ይሰሙኛል ብዬ አስቤ ነበር። ቤቱ ጠባብ ግን ንጹሕ ነው። የእትዬ ማሬን አልጋ ከኋላው ግድግዳ አርቀው ወደ በሩ አጠገብ አምጥተውታል። ግድግዳው የእርጉዝ ሆድ መስሏል፤ ምርጉ ተላቅቆ ማገሩ ይታያል። እትዬ ማሬ በአንድ በኩል ብቻ በሚንቀሳቀስ አፋቸው "ሌት ይተነፍሳል" አሉኝ። አያ ደምሌ ተረጎሙልኝ። "ግድግዳው ማለቷ ነው። እንጨቱ ሲንቋቋ እየሰማች ነው።" በጎልማሳነታቸው እትዬ ማሬ ለእሳቸው ውሃ እየቀዱ፣ ጭቃ እየረገጡ አብረዋቸው ይሠሩ እንደነበር ያን ቀን ነው የሰማሁት። "ይህንን ጭቃ የረገጠችው እሷ ናት። ሠላሳ ክረምት ቻለ። ከዚህ በላይ ከጭቃ አይጠበቅም" አሉኝ።

ሪፖርቱን ጻፍኩ። "አስቸኳይ" የሚለውን ቃል ሁለት ቦታ አስገባሁበት። መልስ አልመጣም።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ግድግዳውን ከውጭ በባሕር ዛፍ አጣና ደገፉት። ደንብ አስከባሪዎች መጥተው መተላለፊያ ይዘጋል፣ ግንባታም የተጀመረ ይመስላል ብለው አነሱባቸው። አያ ደምሌ በማግሥቱ ማመልከቻ አስጽፈው መጡ፤ ግድግዳ ለመደገፍ እንዲፈቀድላቸው የሚጠይቅ። እኔ በዕድሜዬ እንዲያ ያለ ማመልከቻ አይቼ አላውቅም። ወደ ኃላፊያችን ወሰድኩት። ወዲያና ወዲህ አገላበጠና "ለድጋፍ የሚሆን ቅፅ የለንም" አለኝ። እውነቱን ነው፤ አልነበረንም።

ሰፈሩ ሁሉ በስውር እንዲሠሩት ይመክራቸው ነበር። ስንቱ ቅዳሜና እሁድን ጠብቆ ሠርቷል። ግንበኞቹ ሁሉ የእሳቸው ተማሪዎች ናቸው፤ በሁለት ቀን እናቆመዋለን አሏቸው። እሳቸው ግን እምቢ አሉ። "እኔ ተደብቄ ድንጋይ ብጠርብ መዶሻው ያሳጣኛል። ነገም አንዱ ልጅ ወንዝ ዳር ቤት ሥራ ሲባል ደምሌም ያለ ፈቃድ ሠርቷል ይላል" አሉ።

አንድ ቀን ግን መጡ። ሰኔ አጋማሽ ነው፤ ሰዉ ሁሉ ለምሳ ወጥቶ እኔ ብቻዬን ነበርኩ። አልተቀመጡም። ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ተክለው ቆሙ።

"እርስዎ ዝም ቢሉኝስ?" አሉኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም።

"ሁለት ቅዳሜና እሁድ ብቻ። የኋላውን ግድግዳ ብቻ ነው። ሌላውን አልነካም። እርስዎ እንዳላዩ ቢሆኑልኝ።"

ይህን ቃል ለማውጣት ከራሳቸው ጋር ስንት ቀን እንደተሟገቱ ከፊታቸው ያስታውቃል።

"አያ ደምሌ፣ እኔ ዝም ብል ሌላው ዝም አይልም። ያፈርሱብዎታል። ቦታውንም ሊያሳጡዎት ይችላሉ፤ እትዬ ማሬን ይዘው የት ይገባሉ?" አልኳቸው።

ያልኳቸው ሁሉ እውነት ነው። ያላልኳቸው ደግሞ ለራሴ ሥራ መፍራቴን ነው።

"እውነትዎን ነው" አሉኝ። "ይቅር ይበሉኝ፤ መጠየቅ አልነበረብኝም።"

ይቅርታ የጠየቁት እሳቸው ናቸው።

ሐምሌ ላይ፣ ሐሙስ ቀን፣ ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ አላባራም ነበር። አያ ደምሌ ከዞን መልስ መጥቶ እንደሆነ ሊጠይቁ መጥተው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው አራት ሰው አለ። አራት ሰዓት ገደማ ስንዱ በባዶ እግሯ፣ ጭቃ በጭቃ ሆና ገባች። አያ ደምሌ አይተዋት ተነሱ። ወደ በሩ የሚሮጡ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ጠረጴዛዬን ዞረው መጥተው ክንዴን ያዙኝ።

"ነይ" አሉኝ።

አንቱታው በዚያች ሰዓት ቀረ። ለምን እኔን እንደያዙኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት የማዘጋጃ ቤት ሰው ሳያየው ግድግዳው አይነካም ብለው አስበው ይሆናል። እንዲህ ማሰባቸው ራሱ ልቤን ይሰብረዋል።

ጭቃው እያንሸራተተን ሮጥን። የኋላው ግድግዳ ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ውስጥ ነበር የወደቀው፤ ጣራው በላዩ ተንጋድዷል። ጎረቤት ተሰብስቦ በእጁ ይዝቃል። አያ ደምሌ "ቆይ፣ ያንን እንጨት አትንኩት፣ እሱ ነው የያዘው" እያሉ፣ አንድም ጊዜ ሳይጮኹ፣ የትኛው ቀድሞ የትኛው በኋላ እንደሚነሳ ያዝዙን ጀመር። እኔም እዘቅ ነበር። እትዬ ማሬን ስናወጣቸው ፊታቸው ምንም አልሆነም። ትንፋሽ ግን አልነበራቸውም።

ነገሩ የገባን በኋላ ነው። ጎርፍ በበሩ ሥር ገብቶ የእትዬ ማሬን አልጋ ማርጠብ ሲጀምር ስንዱ ብርድ እንዳይመታቸው ብላ አልጋውን ወደ ኋላ፣ ወደ ደረቁ ጥግ ገፋችው። ሌላ ነገር ልታመጣ ወጣ ስትል ግድግዳው ወረደ። ስንዱ መሬት ላይ ተንከባላ "እኔ ነኝ የገደልኳት፣ በእጄ ነው የገፋኋት" ትላለች። አያ ደምሌ የሚስታቸውን ፊት በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው ሲያበቁ ወደ ስንዱ ሄዱ። ጎንበስ ብለው ትከሻዋን ያዟት።

"ደረቅ ቦታ ፈልገሽላት ነው ስንዱ። እኔ ብኖርም እዚያው ነበር የማደርጋት" አሏት።

ኃላፊያችን ሲሰማ ቢሮውን ዘግቶ አለቀሰ። በሦስተኛው ቀን ከለቅሶው እንደተመለሰ የአያ ደምሌን ማህደር አስመጣ፤ "አደጋ የደረሰበት" የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ፈረመ፤ ማኅተሙንም ራሱ መታበት። ወረቀቱን ድንኳኑ ውስጥ ወስጄ ሰጠኋቸው። መስጠቴ ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም ነበር፤ ከቢሮ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጡ ግን የባሰ መሰለኝ።

"ስንት ቀን ፈጀ?" አሉኝ።

"ዛሬ ጠዋት ነው የተጀመረው።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ወረቀቱን አጣጥፈው ላስቲኩ ውስጥ ከተቱት።

እኔ ቤቱን ከእንግዲህ የሚሠሩት አልመሰለኝም ነበር። ክረምቱ ወጣ፣ የእትዬ ማሬም አርባ አለፈ፤ መስቀል በዋለ በሳምንቱ የአያ ደምሌ መዶሻ ተሰማ። ተማሪዎቻቸው ድንጋይ ያመላልሱላቸዋል፣ ስሚንቶ ያቦኩላቸዋል፤ ድንጋዩን የሚያስቀምጡት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው። ቤቱን ሙሉ አፍርሰው ነው እንደገና የጀመሩት። ከሥራ ስወጣ መንገዴን አዙሬ በዚያ እያለፍኩ ከሩቅ አያቸዋለሁ። አልጠጋም። በመሃሉ ፕላኑ ጸድቆ መጣ። መንገዱ በሌላ በኩል ነበር፤ የአያ ደምሌን ቦታ አይነካም። ይህን ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ እኔ ግን አልነገርኳቸውም።

ታኅሣሥ ላይ ወደ መስኮቴ መጡ። ከስቷል ሰውነታቸው። "ቤቱ አልቋል። መጥተሽ ለኪና በፕላኑ መሠረት ነው ብለሽ መስክሪልኝ" አሉ። ሲያልቅ መመስከሩም የእኔ ሥራ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን በከተማችን ቤቱን ጨርሶ ለክታችሁ መስክሩልኝ ብሎ የሚመጣ ሰው አልነበረም።

ሜትሬንና ቅፁን ይዤ ሄድኩ። እንዲያ ያለ ግንብ በከተማችን የለም። ድንጋዮቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ ውጭ ሰጥተዋል፤ በመሃላቸው ያለው ስሚንቶ በክር የተሰመረ ይመስላል። ርዝመቱን ለካሁ፤ ልክ ነው። ወርዱን፣ ከፍታውን፣ ከአዋሳኝ ያለውን ርቀት ለካሁ፤ ሁሉም ልክ ነው። አያ ደምሌ የሜትሩን ጫፍ እየያዙልኝ ከኋላዬ ይከተሉኛል። ቤቱ ባዶ ነው፤ አንድ ወንበር እንኳን የለበትም።

የኋላው ክፍል ስደርስ መስኮቱ ዝቅ ማለቱን አየሁ። ፕላኑ ላይ ከወለሉ ያለው ከፍታ አንድ ሜትር ነው። ለካሁት፤ ስልሳ ሴንቲሜትር ሆነ። ደግሜ ለካሁት። እሳቸው በሥራቸው የጣት ያህል እንኳን አይስቱም። ከዚያ ጎንበስ አልኩና በዚያ ከፍታ ላይ ሆኜ ወደ ውጭ አየሁ። ቁልቁለቱ፣ ከዚያም ማዶ ያለው የገብስ እርሻ፣ ከበላዩም ሰማዩ ወለል ብሎ ይታያል። አልጋ ላይ የተኛ ሰው ሳይነሳ ያየዋል።

ስዞር አያ ደምሌ በሩ ላይ ቆመዋል።

"ሦስት ዓመት ሙሉ ጣራ ብቻ ነው ያየችው" አሉ። ከዚያ "እሱ ከፕላኑ ወጥቷል። ጻፊው፤ ስህተት ነው" አሉኝ።

ቅፁ ላይ "ከፕላኑ ጋር ያለው ልዩነት" የሚል ባዶ መስመር አለ። እስክሪብቶዬን አነሳሁና "የለም" ብዬ ጻፍኩበት።

ቅፁን ተቀብለው አነበቡት። ዓይናቸው ስለደከመ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው ነው ያነበቡት።

"አላየሽውም?" አሉኝ።

"አላየሁም አያ ደምሌ።"

ቁጣ በሌለበት፣ እንደ ሁልጊዜው ዝቅ ባለ ድምፅ "ያኔም እንዲህ ባላየሽ ኖሮ" አሉኝ።

ወረቀቱን አጥፈው ደረታቸው ላይ አስገቡና ደጅ ድረስ ሸኙኝ። በሳምንቱ ቤቱን ለስንዱ ሰጥተዋት ወደ ስማዳ ወረዱ። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።